እርማት

ዓምና በሰኔ የአንድ ተማሪዬን ዜማ አበላሸሁበት። ተንኮል አልነበረም። እያረምኩለት ነበር።

ነገሩን ለማታውቁ ወዳጆቼ ከመጀመሪያው ልጀምር። እዚሁ ንፋስ መውጫ 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከክፍለ ጊዜ ውጪ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ማጉያ፣ ሁለት ማይክ (አንዱ አይሠራም)፣ የራሴ ያረጀ ላፕቶፕ፣ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ። በቃ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ካለ ይሠራል፣ መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል።

ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ኤልያስ መልካ ያቀናበራቸውን ዘፈኖች እየሰማን ያደግን ነን፤ ያኔ "አቀናባሪ" የሚለውን ቃል በካሴት ሽፋን ላይ ሳነብ ምን የሚሠራ ሰው እንደሆነ አይገባኝም ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ የሚሠራበት ፕሮግራም አገኘሁና ዩቲዩብ እያየሁ፣ ኔትወርክ ሲኖር እያወረድኩ፣ ሳይኖር የወረደውን እየደጋገምኩ ትንሽ ትንሽ ለመድኩ።

ልጁ ክበቡ ውስጥ የገባው በኅዳር ነው። ዝምተኛ ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ይቀመጣል። ማሲንቆ ከአያቱ ተምሯል፤ ግን ትምህርት ቤት ይዞት አይመጣም። ለምን ብዬ ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ "ይስቁብኛል ቲቸር" አለኝ። ያገራችን ሰው ሠርጉን ያለ አዝማሪ አያደምቅም፤ ልጁ አዝማሪ ሲባልበት ግን አይወድም። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ቀን ኪቦርዱን አስነካሁት። በአንድ ጣት ጀመረ፤ ሳምንት ሳይሞላው በሦስት ጣት አምባሰል መጫወት ጀመረ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የግራ እጁ ነው። ከኪቦርዱ በግራ በኩል ድምፅ የምታጥፍ ትንሽ መንኮራኩር አለች፤ ፒች ቤንድ ይሏታል። እኔ አንድም ቀን ተጠቅሜባት አላውቅም። እሱ ማንም ሳያሳየው አገኛት። ማሲንቆ ላይ ጣት በጭራው ላይ እንደሚንሸራተት፣ በቀኙ ኖታውን ይመታል፣ በግራው መንኮራኩሯን ትንሽ ገፋ መለስ ያደርጋታል። ከዚያች የፕላስቲክ ኪቦርድ ማሲንቆ የሚመስል ነገር ወጣ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ዝም አሉ። የሳቀም አልነበረም።

ለትምህርት መዝጊያ ቀን ይህንኑ እንቀዳለን ተባባልን። እኔ በ100 ፍጥነት የሚሄድ ከበሮ ሠራሁለት፤ እሱ ከበሮውን በማጉያ እየሰማ ሦስት ደቂቃ ገደማ ተጫወተ። አንድ ጊዜ ብቻ። 386 ኖታ።

አሁን ትንሽ ትዕግሥት ስጡኝ፤ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ሚዲ የሚባለውን ነገር ላስረዳ።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ተብሎ ለገበያ የወጣ ቋንቋ ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የትኛው ቁልፍ ነው፣ መቼ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተለቀቀ የሚለውን ብቻ ነው። ሁሉም በቁጥር ነው፤ ቁልፎቹ ከ0 እስከ 127፣ ኃይሉም እስከ 127። መሐለኛው "ዶ" 60 ቁጥር ነው። ከሱ ብንነሳ አምባሰል ማለት 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ማለት ነው። ትዝታ ደግሞ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69። ለሒሳብ መምህር ይህ ደስ ይላል፤ ቅኝት በቁጥር ተጽፎ ማየት!

ኤፍ ኤል ስቱዲዮም ሆነ ኩቤዝ ወይም ኤብልተን፣ ሁሉም ውስጥ እነዚህን ቁጥሮች የምናይበት ሰሌዳ አለ፤ አብዛኛው ሰው ፒያኖ ሮል ይለዋል። ወደ ላይ ቁመቱ ቅኝቱ ነው፣ ወደ ጎን ርዝመቱ ሰዓቱ ነው። እያንዳንዷ ኖታ እንደ ትንሽ ጡብ ተቀምጣ ትታያለች። ጡቧን በማውስ ይዞ ማንሳት፣ መግፋት፣ ማሳጠር፣ መሰረዝ ይቻላል። ድምፅ ብትቀዱ ይህን እንዲህ በቀላሉ አታደርጉም፤ የተዘፈነ ተዘፍኗል። ሚዲ ላይ ግን የሰውየውን ጣት ከሄደ በኋላ ታዛላችሁ። ሥልጣኑ ያሰክራል።

በዚያ ሌሊት ሰሌዳውን ስከፍት ጡቦቹ ከመስመራቸው ወጥተው አየኋቸው። እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም አንዱን ምት 96 ቦታ ይከፍለዋል። የልጁ ኖታዎች አንዷ 10 ላይ፣ አንዷ 35 ላይ፣ አንዷ 61 ላይ። አንዷም መስመሩ ላይ የለችም። ኃይላቸውም አንዴ 38 አንዴ 112። "ይሄ ልጅ ምት አይጠብቅም" አልኩ ለራሴ። ቀይ እስክሪብቶ እንደያዝኩ ቁጠሩት።

ኳንታይዝ የሚባል ትእዛዝ አለ። ኖታዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አቅራቢያቸው ወዳለው መስመር ይስባቸዋል። ተጫንኩት። ሁሉም እንደ ሰልፈኛ ተሰለፉ። ዓይኔ ደስ አለው። ሳዳምጠው ግን ዜማው ያነክሳል።

ምክንያቱን በኋላ ነው የደረስኩበት። የኛ ችክችካ አንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል፤ ከ96 ውስጥ ኖታዎቹ 0፣ 32፣ 64 አካባቢ ይወድቃሉ። እኔ የመረጥኩት መስመር ግን ለአራት የሚከፍል ነበር፤ 0፣ 24፣ 48፣ 72። ስለዚህ 32 አካባቢ የነበሩትን ወደ 24 ጎተታቸው፣ 64 አካባቢ የነበሩትን ወደ 72 ገፋቸው። ሦስት እግር ያለውን በርጩማ አራት እግር ላለው ወለል እንደማስተካከል ነው። ይህን ሲገባኝ "አሃ!" ብዬ መስመሩን ወደ ሦስት ቀየርኩና እንደገና ኳንታይዝ አደረግኩ። ማንከሱ ቆመ። ኃይሉንም ሁሉንም 100 አደረግኩት። መንኮራኩሯ የመዘገበቻትን እንደ ጅራፍ የምትጥመዘመዝ መስመር ደግሞ አየኋት። መሐሏ 8192 መሆን አለበት፤ እሷ ግን ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች። ከቅኝት ያወጣችው እሷ ናት ብዬ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኳት።

ሴቭ አልኩ። በዚያው ስም፣ በዚያው ፋይል ላይ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ውጪ ያ የምታውቁት ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ከተማችን ስሟን በከንቱ አላገኘችውም። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ጠፋ። ወደ ኋላ መመለሻ የሚባለውም መንገድ አብሮ ጠፋ፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ያደረግነውን ሁሉ ይረሳል። እኔ ግን "እንኳን ሴቭ አደረግኩ" ብዬ ተደስቼ ተኛሁ።

ጠዋት አሰማሁት። ልጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። "እንዴት ነው?" አልኩት።

"ጥሩ ነው ቲቸር።"

ትንሽ ቆይቶ፣ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው እንጂ ሊነካኝ አይደለም፣ "የማን ነው ግን?" አለኝ።

ሳቅሁ። የራስህ ነው እኮ አልኩት። ፈገግ አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው። በመዝጊያው ቀን ተከፈተ፣ ወላጅ አጨበጨበ፣ ርዕሰ መምህሩ አመሰገነኝ። እኔን። ልጁ ከኋላ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጠው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

በሐምሌ ወደ መተማ ሄደ። ያገራችን ልጆች ክረምት ሲመጣ የት እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ፤ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ያርማሉ። ቤት ውስጥ የማዳበሪያ ዕዳ ነበረ፤ ዘፈን አይደለም የወሰደው። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ለአረም የሄደ ለአጨዳ ቆየ፣ መስከረም ገባ፣ ስም ስጠራ "የለም ቲቸር" አሉኝ። መዝገቡ ላይ ስሙ አጠገብ ቀዩን መስመር ሳሰምር አንድ ነገር ደረቴን ወጋኝ። በኛ ቋንቋ ፈተናም ይታረማል፣ ሰሊጥም ይታረማል። እኔ የልጁን ሥራ አረምኩ፣ ልጁ ደግሞ የሰው ሰሊጥ ሊያርም ሄደ። የሰሊጥ አራሚ ግን ቡቃያውን ከአረሙ ለይቶ ያውቃል። እኔ ሳልለይ ነቀልኩ።

ለዚህ ነው ፋይሉን እንደገና የከፈትኩት። "የማን ነው?" ያለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሳዳምጠው ልክ ነበር፤ የማንም አይደለም። 386 ኖታ ተሰልፎ ቆሟል፤ ጣቱ ግን እዚያ የለም።

መጀመሪያ በአቋራጭ ሞከርኩ። ፕሮግራሞቹ ኖታዎችን ትንሽ ትንሽ በዘፈቀደ የሚያዛንፍ፣ ሰው የተጫወተው እንዲመስል የሚያደርግ መሣሪያ አላቸው። አደረግኩት። ሰው መሰለ፤ እሱን ግን አልመሰለም። የሰከረ ሰው መሰለ።

ቤታችን አጠገብ አንድ አዛውንት መሪጌታ አሉ፤ ቤተልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ ናቸው። መቼም ጋይንት ተወልዶ ቤተልሔምን የማያውቅ የለም፤ ከየአገሩ የድጓ ተማሪ ለማስመስከር የሚመጣው ወደኛው ነው። አንድ ማታ ችግሬን በጨዋታ መልክ ነገርኳቸው። ስለ ኮምፒውተሩ ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ ስለ ምልክቱ ግን እኔ ካልኩት በላይ ገባቸው። ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ በቀጫጭን የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ እየተባሉ። ከነዚህ ሌላ ራሳቸውን የቻሉ ብዙ የፊደል ምልክቶች አሉ። ከሚዲ በፊት አራት መቶ ዓመት ገደማ የነበረ ጽሕፈት ማለት ነው።

"ምልክቱን ብቻ አይቶ ድጓ ያወቀ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉኝ የኔታ። "ምልክቱ የሚያስታውስህ የሰማኸውን ነው። ያልሰማኸውን ከየት ያመጣዋል? አንተ ልጁን ሰምተኸዋል ወይ?"

ልቤን መታኝ። ሰሌዳውን አይቼዋለሁ። ልጁን ግን አልሰማሁትም ነበር። በጆሮ የተሠራውን በዓይን ነው ያረምኩት።

በጥር የክበቡን ልጆች ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አበላሽቼዋለሁ አልኳቸው። መምህር እንዲህ ሲል ስላልለመዱ ዝም ዝም ተባባሉ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ስንቀዳ በሩ ላይ ቆማ በስልኳ ቀድታዋለች! 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ስልኳ ሞልቶ ቆሟል። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል ይሰማል፤ ግን ከበሮው አለ፣ ልጁም አለ። በቴሌግራም ላከችልኝ።

ቅጂውን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼ ከበሮውን ከበሮው ላይ አጋጠምኩት። ኖታዎቹን ወደ መስመር የሚስበውን ስናፕ የሚባል ነገር አጠፋሁ። ከዚያ አንድ ኖታ እሰማለሁ፣ ጡቧን አነሳለሁ፣ አስጠጋለሁ፣ እንደገና እሰማለሁ። 211 ኖታ። መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ፤ አንዳንዱን ሌሊት ስምንት ኖታ፣ አንዳንዱን ሁለት። ወር አልፎ ሁለተኛው ገባ።

ያኔ ያገኘሁትን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት።

ልጁ ወደ ዋናው ኖታ፣ ወደ 60 ሲመለስ፣ ሁልጊዜ ይዘገያል። በስልኩ ቅጂ ውስጥ 14 ጊዜ ተመልሷል። 10 ነጥብ፣ 9፣ 11፣ 10፣ 10፣ 11... በ100 ፍጥነት አንዷ ነጥብ 6 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ናት፤ ስለዚህ መዘግየቱ 60 ሺኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ዓይን ጥቅሻ እንኳ አይሆንም። ግን አሥራ አራቱንም ጊዜ! ሲመለስ ነው፤ ሲወጣ አይደለም። ከበሮው ቀድሞ ይደርሳል፣ ዜማው ትንሽ ቆይቶ ይከተላል፤ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ደርሶ "ቤቶች!" ብሎ ትንሽ እንደሚቆመው። አያቱ ጋር ሄጄ ጠየቅኳቸው። "ጭራው መልስ እስኪሰጥህ ትጠብቀዋለሃ" አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

መንኮራኩሯም እንዲሁ። 61 ቁጥር ላይ ሲደርስ በትክክል 61 አይደለም፤ ከሥሯ ይነሳና ይሳባል። ማሲንቆ ላይ መከፋፈያ የለም፤ ጣት የወደቀበት ነው ድምፁ። እኔ "ከቅኝት ወጣ" ብዬ የሰረዝኩት ቅኝቱን ነበር።

አሥራ አራት ጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ስህተት አይባልም። ይህን ከማንም በላይ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ፈተና ሳርም አንድ ተማሪ አምስት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ ከሳተ፣ የሳተው በግምት አይደለም፤ በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ልክ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ግን ጠርቼ "እስቲ እንዴት እንዳሰብከው አሳየኝ" ማለት አለብኝ። ስንቱን ጠራሁ? በክፍል 60 እና 70 ተማሪ ይዘን ጊዜ የለም እንላለን። እውነት ነው፣ የለም። ልጁን ግን ለመጠየቅ የሚያስፈልገኝ አንድ ደቂቃ ነበር፤ አጠገቤ ነበረ።

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ነው የባህል ሙዚቃችንን የሚገድለው" የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ከሥሩ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን አድርጎ የድሮ ዜማዎቻችንን ቀድቷል። ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው። ፈልጋችሁ አድምጡት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ግን እንደፈለገው ይተነፍሳል። ማሽኑን የከበሮ ቦታ ላይ አስቀምጦ እጁን ለራሱ አስቀረ። እኔ ነኝ እጁንም ከበሮ ያደረግኩት። ኳንታይዝ ክፉ አይደለም፤ ለከበሮው ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ከመሳብ ይልቅ በመቶኛ፣ ግማሹን ወይም ሩቡን ብቻ መሳብ ያስችላሉ። እኔ 100 ነው የሰጠሁት፤ ለተማሪ እንኳ ሰጥቼ የማላውቀውን።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች፣ ከሰው የተማርኩት ሳይሆን የከፈልኩበት ምክር ይኸው። ቅጂውን ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉት፤ በሌላ ስም። የመጀመሪያውን ክሊፕ ድምፁን ዘግታችሁ እዚያው ከታች አኑሩት፣ አይሰረዝም። መስመሩን ከመምረጣችሁ በፊት ዜማው ለሦስት ይከፈል ወይስ ለአራት፣ በእግራችሁ መትታችሁ እዩት። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። እና ተጫዋቹ በሕይወት ካለ ጥሩት።

ሥራውን ስጨርስ፣ ማለቴ 211ዱን ስጨርስ፣ ከእናቱ ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ በቴሌግራም ላኩለት። መልስ የለም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሁለቱ ምልክት ሳይሆን አንዷ ብቻ ናት የምትታየው፤ አልከፈተውም። ከዚያ ያለፈው ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ፣ የድምፅ መልእክት መጣ። ከጀርባው ሰው ያወራል፣ የሆነ ሞተር ይሰማል።

"ቲቸር፣ ሰማሁት። እኔ ነኝ።" ትንሽ ዝም አለ። "መሐል ላይ፣ እዛች ከፍ ስትል፣ እዛች ላይ ብቻ ትንሽ ቸኩለዋል።"

ሄጄ አየሁት። ልክ ነው፤ 4 ነጥብ ቸኩያለሁ። አረመኝ። አስተካከልኩት።

ከ1 ደቂቃ ከ40 በኋላ ያሉት 175 ኖታዎች ግን እስከ ዛሬ እንደተሰለፉ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያገኘሁትን ሕግ ይዤ ላስተካክላቸው እችል ነበር፤ አንዴ ጀምሬም ነበር፤ ተውኩት። ያልሰማሁትን አላርምም። ትናንት ገበያ ላይ እናቱን አገኘኋቸው፤ "ለመስከረም እመጣለሁ ብሏል መምህር፤ ይመዘግቡታል ወይ?" አሉኝ። ይመዘገባል አልኳቸው። ማንንም ሳልጠይቅ።

ከመጣ ቀሪውን ራሱ ይጫወተዋል። እኔ መቅጃውን ተጭኜ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

መብራት ሳይሄድ ልለጥፈው። ደህና እደሩ።